ለሁለት ሰው የሚሆን ሞላ

ማክሰኞ ጠዋት አቢጊያ ሥራ ገብታ፣ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ከገቡት ትዕዛዞች መሀል የሊዑልን ስም አየች። ስምንት ወር ሙሉ ድምፁን ያጠፋ ሰው! ስምንት ወር ሙሉ ደህና ነሽ ወይ ያላላት ሰው፣ ይኸው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ፎርም ሞልቶ መጣ። አንዳንድ ወንድ እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አፉ ሲታሰርበት ፎርም ይሞላል።

«ምነው፣ ጅን ያየሽ መሰልሽ?» አላት ኢዮብ። ኢዮብ መኪና የሚፈታውና የሚገጥመው የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ጎማ እያንከባለለ በአጠገቧ ሲያልፍ ነው ያያት።

«ከጅን የባሰ ነው ያየሁት» አለችው። እውነቷን ነበር።

ሱቁ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ቅዳሜና እሑድ ተራራ የሚወጣ ሁሉ መኪናውን እዚያ ያመጣል፤ ሞላውና አሞርዛተሩ፣ በሱቁ አፍ ስፕሪንጉና ሾኩ፣ ይቀየርለትና አንድ ሁለት ኢንች ከፍ ብሎ ይወጣል። የትኛው መኪና ላይ የትኛው እንደሚገባ የምትመርጠው አቢጊያ ናት። በዚህ ሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያገሯ ሰው ሲመጣ ግን አሁንም ከኋላዋ እያማተረ «ወንድ የለም እንዴ?» ይላታል። «አለ፣ ጎማ እያነሳልኝ ነው» ትለዋለች።

ፎርሙ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ አንድ ነው። ከመኪናው ላይ ሁልጊዜ የማይወርደው ክብደት ስንት ነው? ስፕሪንግ የሚመረጠው በዚያ ነው። ለከባድ ጭነት የተሠራውን አስገብተህ መኪናውን ባዶ ብትነዳው፣ ድንጋይ በነካ ቁጥር ወገብህን ይበጥስሃል። ለቀላል የተሠራውን አስገብተህ ብዙ ብትጭንበት ደግሞ መኪናው ከኋላው ይቀመጣል። ስለዚህ ደንበኛ እውነቱን መናገር አለበት። ሊዑል ሁሉንም በየመስመሩ ጽፎታል። እሱ ራሱ፣ ከፊት እናቱ፣ ከኋላ የእናቱ ዊልቸርና መራመጃ፣ የጎማ ሰንሰለት፣ አካፋ። ከዚያ «የኋላ ወንበር» በሚለው ፊት ለፊት አንድ ቁጥር አለ፤ አንድ መቶ ሠላሳ ፓውንድ ይላል። ከቁጥሩ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል።

አቢጊያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቁጥሩ የእሷ ክብደት ነው። ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ሊዑል ብቻ ነው። ዴንቨር ሆስፒታል ውስጥ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ነው ሊዑል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት በእረፍቱ ሰዓት ልትጠይቀው ሄዳ፣ በጨዋታ መሀል የበሽተኛ ሚዛን ላይ አወጣት። ለማንም እንዳይናገር አስምላው ነበር። አልተናገረም፤ ጻፈው እንጂ።

ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ፤ የቱ የቱን እንደቀደመ እሷም አላወቀችም።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓመት ተኩል ተዋደዋል። መዋደድ ስላችሁ ደግሞ እንዲሁ ለወሬ አይደለም፤ አንዱ ሳል ከያዘው ሌላው እንቅልፍ የሚያጣበት ዓይነት ነው። ግን እሷ የጴንጤ ልጅ ናት፣ እሱ የኦርቶዶክስ። ሊዑል ለእናቱ ለወይዘሮ እንቁ ነገሩን ባነሳ ቀን፣ እናት ብድግ ብለው የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሙና «ያቺን ልጅ ብታገባ፣ በጠባኸው ጡቴ ገዝቼሃለሁ!» አሉት። የእናት ግዝት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለአቢጊያ ግን ባዶ ቃል ነው፤ «በጌታ ነፃ ሰው ነህ እኮ!» ብላ ተከራከረችው። ሊዑል ግን ግዝቱ አጥንቱ ውስጥ ገብቶበታል። «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ብሏት ሄደ። ትንሽ ጊዜው ስምንት ወር ሆነ።

የሱቁ ደንብ ደንብ ነውና ደወለችለት። ያልተሟላ ፎርም ሲመጣ ደንበኛውን መጠየቅ ግዴታ ነው።

«አቢ» አለ፣ ስልኩ አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይጠራ።

«ፎርምህ ላይ ጥያቄ ነበረኝ» አለች፣ የሥራ ድምጿን አውጥታ።

«ሥራ ቀይሬአለሁ። ሞንትሮዝ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ አምስት ሰዓት መንገድ ነው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንገባለን። ቤትም አግኝተናል፤ የቤቱ መንገድ ግን ኮረኮንች ነው፣ ክረምት ደግሞ ስኖው...»

«ለምን?»

«ምኑ ለምን?»

«ለምን ትሄዳለህ?»

ዝግ ባለ ድምፅ፣ «በኮልፋክስ ባለፍኩ ቁጥር ወደ አንቺ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ፍሬን እይዛለሁ፣ አቢ። ሁልጊዜ እይዛለሁ፣ አንድም ቀን ታጥፌ አላውቅም። እንዲህ ሆኜ መኖር አቃተኝ» አላት።

አቢጊያ ዓይኗን ጨፈነች። «የኋላ ወንበር ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገሃል። ስፕሪንግ በጥያቄ ምልክት አይታዘዝም።»

«እጽፈዋለሁ፣ እሰርዘዋለሁ። እጽፈዋለሁ፣ እሰርዘዋለሁ። በመጨረሻ እንዲያ ሆኖ ሄደ።»

«የኋላ ወንበሩን ለእኔ እንዳሰብከው ለእናትህ ነግረሃቸዋል?»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

ይሄ «መቼ» ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ እግዜር ይወቀው። አቢጊያ እንባዋን ዋጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ቅዳሜ ይዘሃቸው ና። መኪናው ሁለት ኢንች ሲነሳ መርገጫውም አብሮ ይነሳል። ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ገና ዓመት አልሞላቸውም። እግራቸው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ሳላይ አላዝልህም።»

ያለችው ነገር የሥራ ነው፣ ሐሰት የለበትም። ግን ምን ያደርጋል መዋሸት፣ የዚያችን ሴትዮ ፊትም አንድ ቀን ማየት ፈልጋ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። አቢጊያ በሐሳቧ የሣለቻቸው ወይዘሮ እንቁ ረጅም፣ ግዙፍ፣ ዓይናቸው የሚያስፈራ ነበሩ። የወረዱት ግን ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ በነጠላቸው ሥር ሰማያዊ ስኒከር ያደረጉ፣ መራመጃቸውን እየገፉ ላገኙት ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» የሚሉ አሮጊት ናቸው። ሊዑል ከኋላቸው ነው። ከስቷል። አየችው፤ አያት፤ ሁለቱም ወዲያው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«እማዬ፣ ይቺ ናት... የሱቁ ልጅ» አለ።

የሱቁ ልጅ! አቢጊያ ጆሮዋ ጭው አለ፤ ፈገግ ብላ ግን ጎንበስ ብላ ሰላም አለች።

ወይዘሮ እንቁ ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ቀና ብለው አዩ። «በስመ አብ! ይኼ ሁሉ አሞርዛተር ነው? ዘውዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቢያይ ከዚህ ንቅንቅ አይልም ነበር።» አቶ ዘውዱ ባለቤታቸው ናቸው፤ በአሰብ መንገድ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ነበሩ። «ስንቴ ጋቢናው ውስጥ አብሬው ሄጃለሁ መሰለሽ። ጭኖ ሲሄድ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ባዶውን ሲመለስ ግን አንጀቴ እስኪበጠስ ነው የሚያንገጫግጨኝ። እና አንቺ ነሽ አሉ ሞላ የምትመርጪው?»

«አዎ እማማ።»

«ጎበዝ! ይበል ያሰኛል። በይ እንግዲህ የኔን አጥንት አስቢልኝ።»

አቢጊያ አንድ የእንጨት ሣጥን አምጥታ ሁለት ጣውላ ደረበችበት። መኪናው ሲነሳ መርገጫው የሚደርስበት ከፍታ ልክ ያ ነው። «ይሞክሩት እማማ። ትከሻዬን ይያዙ።»

ያዙ። ደህናው እግራቸው ወጣ፣ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ ተከተለ፣ የታመመው እግራቸው አየር ላይ ተንጠለጠለ። «ወይ ጉድ፣ ወጣሁ እኮ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። አቢጊያም ሳቀች፤ ሳታስበው ነው የሳቀችው። «ትከሻሽ እንዴት ያለ ነው አንቺ! ወላድ ያድርግሽ። ለመሆኑ ስምሽን ማን ልበል?»

ሊዑል አንድ እርምጃ ቀረበ። «እማዬ፣ ቀስ በይ፣ መጀመሪያ ውረጂ...»

ሸሚዟ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው «አቢ» ነው። «አቢ» ብትል ያልፍላት ነበር። ግን እስከ መቼ? ስሟን ደብቃ የተመረቀችው ምርቃት የማን ሊሆን ነው?

«አቢጊያ እባላለሁ።»

ሳቁ ከወይዘሮ እንቁ ፊት ላይ ጠፋ። ትከሻዋ ላይ ያለው እጃቸው ጠበቀ። ሊለቋት ፈለጉ፣ እጃቸው ላላ ሲል አቢጊያ ተሰማት፤ ግን በአንድ እግራቸው ነው የቆሙት፤ ቢለቁ ይወድቃሉ። መልሰው ያዟት። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ እንደ በድን ደርቋል። እንዲህ ነበር ሦስቱም፤ አንዷ መልቀቅ አቅቷት፣ አንዷ መንቀሳቀስ አቅቷት፣ አንዱ መናገር አቅቶት።

«ያቺ... የቢሮዋ?» አሉ ቀስ ብለው። «ባንክ ቤት ናት ብሎኝ ነበር።»

አቢጊያ ወደ ሊዑል ዞረች። ሊዑል ጆሮው ድረስ ቀላ። ግዝቱን እንኳ ችላው ነበር፤ ይቺ ግን ወጋቻት። ጴንጤነቷን ለእናቱ ተናግሮ፣ እጇ የመኪና ግራሶ የሚነካ መሆኑን ደበቀ! «ቢሮ የለኝም እማማ። ስድስት ዓመቴ እዚሁ ነው።»

«አውርጂኝ።»

«ክብደትዎን እኔ ላይ ይጣሉ። መጀመሪያ የታመመው እግር ይውረድ። አዎ፣ እንዲያ።»

አወረደቻቸው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ወይዘሮ እንቁ ትንፋሻቸው እስኪመለስ መሬት መሬት አዩ። ቀና ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢኖርባቸው ይሻል ነበር።

«ሴት ልጄ ሳሌም ከእናንተ አገባች» አሉ። «የአባቷ ተዝካር ቀን ከባሏ ጋር መጣች። ዳስ ተጥሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እሷ ግን መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ዋለች። የአባቷን ተዝካር ሳትቀምስ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እኔ ስሞት ማን ያስበኛል? እስቲ ንገሪኝ፣ እንደ ልጅ ልጠይቅሽ፤ ተዝካሬን ታወጪልኛለሽ?»

አንዲት ቃል ብቻ ናት። አዎ። አዎ ብትል ግዝቱ የሚፈታ መሰላት፤ አሮጊቷ ዓይናቸው ውስጥ እንዲያ ያለ ልመና ነበር። ሊዑልም ዓይኑን ተክሎባት «በይ፣ በይ» እያለ ነው፣ በዝምታ። አቢጊያ አፏን ከፈተች፤ ምላሷ አልታዘዝ አላት።

«አዎ ብልዎት ዛሬ ደስ ይልዎታል። ግን አላምንበትም እማማ፣ ውሸት ይሆንብኛል። በሕይወት እስካሉ ግን የቻልኩትን ሁሉ...»

«ከሞትኩ በኋላ ነው የጠየቅኩሽ።»

«አውቃለሁ» አለችና እንባዋ ወረደ። «አውቃለሁ፣ እማማ።»

ወይዘሮ እንቁ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «እሺ። ሥራሽን ሥሪ። ሞላውን ለስንት ሰው ነው የምትመርጪው?» አሉ።

የከባድ መኪና ሹፌር ሚስት ናቸው፤ የጠየቁትን ያውቃሉ። አቢጊያ ወደ ሊዑል አየች። አንድ መቶ ሠላሳን በገዛ እጁ የጻፈው ሰው እሱ ነው። ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ፣ ዛሬ ብቻ አፉን ክፈትለት። ሊዑል በረዶ የጠቀጠቀውን የመኪናውን ኮፈን አየ፣ ጫማውን አየ፣ እንደገና ኮፈኑን አየ።

«እ... እንግዲህ... እንደ ጭነቱ ነው፣ እማዬ» አለ።

«ለሁለት ሰው» አለች አቢጊያ፣ እስክሪብቶዋን አንስታ። በገዛ እጇ ጻፈችው።

በማግስቱ ከቸርች ተመልሳ ፓርክ ሂል ሰፈር ባለው ቤቷ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መልእክቱ ገባ። ረጅም ነው፤ ሊዑል ሲጽፍ እንዲህ ነው፤ ቃል የሚያልቅበት ሲናገር ነው።

«አቢዬ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ስላላልኩት ዛሬም ቆሜ እየሰደብኩ ያለሁት ራሴን ነው። ባንክ ቤት ናት ያልኳት በአንቺ አፍሬ አይደለም፤ እሷ በመጀመሪያው ቃል እንዳትቆጣ ፈርቼ ነው። ፍርሃቴ እንዳሳፈረሽ አሁን ነው የገባኝ። አንድ ነገር ለምኜሻለሁ፤ ከባዱን ስፕሪንግ እዘዢልኝ። መኪናው ባዶውን ይንገጫገጭ፣ ግድ የለም። ባንገጫገጨኝ ቁጥር ቦታሽ እንዳለ አውቃለሁ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። አቤት ደስ የሚል ነገር! አቤት የማይረባ ነገር! ቦታዋን ለስፕሪንግ ነገረው፣ ለእናቱ መንገር ሲያቅተው። የሚጣፍጥ መልስ ጻፈች፤ አጠፋችው። የሚመር ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። የላከችው ይህን ነው፦

«ከባዱን ባስገባልህ፣ ጉድጓድ በገባህ ቁጥር የሚመታው የእናትህን ዳሌ ነው። ቀላሉን አዝዣለሁ። ሾኩም ለሱ የሚስማማው ነው፤ የማይመሳሰሉ ከሆነ መኪናው ሲዘል ይውላል። ከፍታውንም ከሁለት ኢንች ወደ አንድ ተኩል አውርጄዋለሁ፤ በሁለት ኢንቹ እግራቸው ተንቀጥቅጧል። በበሩ ላይ መያዣ እጨምራለሁ።»

ላከችውና ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሥራዋን በሚገባ በሠራች ቁጥር የምትወደው ሰው በሚገባ ሊሄድላት ነው። ምን ይሉታል ይህን?

ሐሙስ ሆነ፤ የመሄጃቸው ቀን። ዕቃቸው ቀድሞ ሄዷል፤ እናትና ልጅ ከሱቁ ተነስተው ነው መንገድ የሚገቡት። ኢዮብ ገጥሞ ጨርሶ መኪናውን አወረደው። ትንሽ ቀና ብሏል፣ የማያውቅ ሰው ልብ የማይለውን ያህል። አዲስ ስፕሪንግ የገባለት መኪና ደግሞ ሳይሞከር ለደንበኛ አይሰጥም።

ሊዑል ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ወይዘሮ እንቁ አዲሱን መያዣ ጨብጠው፣ በአንድ ትንፋሽ ወጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። «አንተ እዚሁ ቁም» አሉት። «እሷ ትንዳ። እኔ ነኝ የምቀመጥበት፣ እኔ ልየው።»

አቢጊያ ከሱቁ ጀርባ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣ ሐዲዱን ተሻግራ ወሰደቻቸው። የከፋውን መንገድ ፈልጋ ነው የገባችበት። የመጀመሪያው ጉድጓድ መጣ፤ መኪናው ገባ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ቆረቆረዎት?»

«ምንም።»

ሁለተኛው ከፊተኛው ይጠልቃል። «አሁንስ?»

«ምንም አልተሰማኝም። እንቅልፌ ሊመጣ ነው።» ይህን ብለው ግን ፊታቸው ጨለመ። «አቁሚው እስቲ።»

አቆመችው። ወይዘሮ እንቁ በመስታወቱ ወደ ተራሮቹ አዩ።

«ያን ቀን አዎ ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ አላምንሽም ነበር» አሉ። «ሰው ሲዋሸኝ አውቃለሁ። እንዲህ ፊት ለፊት እንቢ ያለኝ ሰው ከዘውዱ ወዲህ አላየሁም።»

አቢጊያ መሪውን እንደያዘች ነው።

«ሞላው ለስንት ሰው ነው ያልኩት አንቺን መሰለሽ?»

ዞራ አየቻቸው።

«ፊቴን ወደ አንቺ አዙሬ እሱን ነው የጠየቅኩት። ለሦስት ይበል ብዬ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ እኔን ተጋፍቶ የራሱን ይናገር ብዬ። ለሦስት ቢል እቆጣ ነበር፣ እጮህበት ነበር። በማግስቱ ግን ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ግዝቱን ፍቱልኝ እል ነበር።» ድምፃቸው ተሰበረ። «እንደ ጭነቱ ነው አለኝ። ልጄ፣ እንደ ጭነቱ ነው አለኝ!»

አቢጊያ ደሟ ወደ ራሷ ወጣ። «ታዲያ ይንገሩት እማማ! አሁንም እኮ አልሄዱም! አሁን እንመለስና ይንገሩት!»

«ብነግረው ያገባሻል። እናቴ አዘዘችኝ ብሎ ያገባሻል። ነገ ደግሞ ሌላ ባዝዘው፣ ጥላት ብለው፣ እሱንም እሺ ይላል። እንዲህ ያለ ባል ምን ያደርግልሻል የኔ ልጅ? እንዲህ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አውቃለሁ። አውቄስ ምን ላድርገው?»

አቢጊያ ስምንት ወር ሙሉ እኚህን ሴት ለመጥላት ያልሞከረችው ሙከራ የለም። አሁን እንኳ መጥላት ብትችል እንዴት በቀለላት። ወይዘሮ እንቁ በነጠላቸው ጫፍ የልጅቷን ጉንጭ ጠረጉላት፤ እሷም ሞተሩን አስነሳች።

ሊዑል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቶሎ ብሎ ወደ መኪናው መጣ። «እንዴት ነው? ተስማማሽ እማዬ?»

«ተስማምቶኛል» አሉ እናቱ። አቢጊያ ወርዳ ቁልፉን እንደጨበጠች አጠገቡ ቆመች፤ አልሰጠችውም። ወይዘሮ እንቁም መስኮቱን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን አዩት። «ሊዑል፣ ከዚህ ከመንቀሳቀሳችን በፊት የምትለኝ ነገር አለህ?»

ሊዑል አቢጊያን አያት። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሁለቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ አንድ ልብ ሆነው፣ በአንድ ምኞት፣ አንዲት ቃል ጠበቁ።

ሊዑል ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«አይዞሽ እማዬ» አለ። «ካንቺ ቃል አልወጣም።»

ወይዘሮ እንቁ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ተንሰቀሰቁ። ሊዑል የደስታ እንባ መሰለው፤ እጃቸውን ስቦ ሳመ። አቢጊያ የያዘችውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ ልትጠላውም፣ ልትጠራውም አልቻለችም።